የገቢ ማጣሪያ ምንድን ነው?

ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። በአንደኛው ቤት ባልም ሚስትም ይሠራሉ። እያንዳንዳቸው በዓመት 49 ሺህ ፓውንድ ያገኛሉ፤ ሲደመር 98 ሺህ ነው። በሌላኛው ቤት ደመወዝ የሚያመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ገቢው 60 ሺህ ፓውንድ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ደንብ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የልጅ ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ያጣው የትኛው ቤት ነው?

ሁለተኛው ነው። ደንቡ የሚያየው የቤቱን ጠቅላላ ገቢ አልነበረም። ከሁለቱ ወላጆች የበለጠ የሚያገኘውን ሰው ብቻ ነበር የሚያየው። ያ ሰው 50 ሺህ ሲያልፍ ድጎማው በግብር መልክ ተመልሶ መወሰድ ይጀምራል። 60 ሺህ ሲደርስ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ ግን 98 ሺህ ይዘው ድጎማቸውን ሳይነካ ይቀበላሉ። የ50 ሺሁ ወለል ከፍ እስኪል ድረስ ይኼ 11 ዓመት ቆየ።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። የተነሱበት ጥያቄ ማንም የሚጠይቀው ነው፦ ላለው ሰው የመንግሥት ድጎማ ምን ያደርግለታል?

የገቢ ማጣሪያን የወለደው ይኼው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝኛ ሚንስ ቴስት ይሉታል። መንግሥት ገንዘብ፣ ሕክምና ወይም ሌላ ድጋፍ ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ገቢ፣ አንዳንዴም ያስቀመጠውን ገንዘብና ንብረቱን ያያል። ከዚያ ለአንዱ ይሰጣል፣ ሌላውን ይመልሳል። ተቃራኒው ለሁሉም የሚዳረስ ድጋፍ ነው። ልጅ ካለሽ ታገኛለሽ፣ ከታመምክ ትታከማለህ፣ ኪስህን የሚፈትሽ የለም። ስለ ጤና ሽፋንና ስለ ድጎማ የሚሰማው ጭቅጭቅ ከሩቅ ሲታይ የፓርቲዎች ጩኸት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ግማሹ የሚዞረው በዚችው ማጣሪያ ዙሪያ ነው።

የማጣሪያው ደጋፊዎች ክርክር በሂሳብ ደረጃ የሚነቀፍ አይደለም። በጀቱ ውስን ነው። ለሚሊየነሩ የሚሄደው ድርሻ ለተቸገረው ቢደረብለት የተሻለ ያግዘዋል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው "ለዚህ ደግሞ ምን መልስ ይኖራል?" ብዬ ነበር።

መልሱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ማጣራት ራሱ ሥራ ነው። የሚሞላ ፎርም አለ፣ ፎርሙን የሚመረምር ሠራተኛ አለ፣ ተከልክሎ ይግባኝ የሚል ሰው አለ። በዚህ መሀል የሚንጠባጠበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሀብታሙ አይደለም። ብሪታንያ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ጡረተኞች የምትሰጠው ተጨማሪ ክፍያ አለ። ለዓመታት ከሚገባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ሳይጠይቁት ቀርተዋል። አንዳንዱ መኖሩን አያውቅም። አንዳንዱን ፎርሙ ያደክመዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያፍራል።

ሀፍረቱ ያለምክንያት አይደለም፣ ታሪክ አለው። በ1931 ሥራ አጥነት በበዛበት ጊዜ ብሪታንያ የሥራ አጥ ድጎማን በቤተሰብ ገቢ ማጣራት ጀመረች። መርማሪው ቤት ድረስ ይመጣል። ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያገኝ ይጠይቃል፣ ዕቃውን ያያል። ሴት ልጅ ፋብሪካ ተቀጥራ የምታመጣው ደመወዝ ከአባቷ ድጎማ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ደመወዝ ያላቸው ልጆች የአባታቸው ድጎማ እንዳይነካ ብለው ከቤት መውጣት ጀመሩ። ይህ በቤተሰብ ገቢ የማጣራት አሠራር በ1941 ቀረ። ጁላይ 5 ቀን 1948 ለሁሉም በነጻ የሚያክመው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ሲጀምር በሩ ላይ ስለ ገቢ የሚጠይቅ ሰው አልቆመም። ያንን ዘመን ያየ ሰው ዕፎይታው ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋውም።

ሌላው ጣጣ የገደሉ ነገር ነው። ማጣሪያ ባለበት መስመር መሰመሩ አይቀርም፣ መስመሩን አንድ እርምጃ ያለፈ ሰው ደግሞ ይወድቃል። በአሜሪካ ለአቅመ ደካማ አረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ወርሃዊ ድጎማ አለ። ተጠቃሚው ብቻውን ከሆነ በባንክም ሆነ በሌላ መልክ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ማስቀመጥ አይችልም። ለባልና ሚስት ጣሪያው 3 ሺህ ነው። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። ከዚያ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ የት እንደደረሰ ማስላት ነው። ሰውየው ለክፉ ቀን ጥቂት ቢቆጥብና ጣሪያውን ቢያልፍ የዚያ ወር ድጎማ ይቀርበታል። ድሃ መቆጠብ አይችልም ብለን እናማዋለን፣ ሕጉ ደግሞ አትቆጥብ ይለዋል!

ገደሉን ቁልቁለት ማድረግ ይቻላል። ብሪታንያ ለሥራ አጦችና ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው በምትሰጠው ድጎማ ሰውየው ሥራ ሲያገኝ ድጎማው በአንዴ አይቋረጥም፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚያገኛት ለእያንዳንዷ ተጨማሪ ፓውንድ 55 ሳንቲም ይቀነስበታል። ከ2021 በፊት 63 ሳንቲም ነበር። የተሻለ ነው፣ አዎ። ግን ልብ በሉ፦ በእንግሊዝ በጣም ብዙ የሚያገኝ ሰው ከመጨረሻዋ ፓውንድ የሚከፍለው የገቢ ግብር 45 ሳንቲም ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ተጨማሪ ሰዓት ስትሠራ ከባንክ ኃላፊው የበለጠ ትቆረጣለች ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው ደመወዝ በወረቀት ስለሚታወቅባቸው አገሮች ነው። ብዙው ሕዝብ ያለ ደመወዝ ወረቀት በሚኖርባቸው አገሮችስ? እዚያ ገቢው ይገመታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር? ወለሉ ምንድን ነው? ስንት ከብት አላቸው? ስንት ልጅ? መልሱ ቀመር ውስጥ ይገባና ቤተሰቡ ነጥብ ይወጣለታል። ሜክሲኮ በ1997 በጀመረችው የገንዘብ ድጋፍም ይህን የመሰለ ነጥብ ተጠቅማለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመራማሪዎች 640 መንደሮችን ይዘው አስደሳች ሙከራ አደረጉ። በአንዳንዱ መንደር ቀመሩ መረጠ፣ በአንዳንዱ ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ ድሃ የሚላቸውን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ድህነቱ ቤተሰቡ ለኑሮ በሚያወጣው ገንዘብ ሲለካ ቀመሩ በትንሹ በለጠ። ሰዉ ግን ይበልጥ የረካው በራሱ ምርጫ ነው። አይገርመኝም። ባልቴቷ ጧሪ ይኑራት አይኑራት ጎረቤት ያውቃል፤ ቀመሩ የሚያየው ጣሪያዋን ነው።

ጤና ላይ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይከብዳል። ድጎማ ለአንድ ወር ቢዘገይ ተበድሮም ቢሆን ይታለፋል። በሽታ ግን ፎርሙ እስኪጸድቅ አይጠብቅም።

በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን ሜዲኬይድ ይባላል። በኮቪድ ጊዜ ክፍለ ግዛቶቹ ሰው ከመድኑ እንዳያስወጡ ተደርገው ነበር። በ2023 ማጣራቱ እንደገና ሲጀመር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሰረዙ። አብዛኞቹ ሀብታም ሆነው ስለተገኙ አይደለም። ደብዳቤው በድሮ አድራሻ ሄዶ፣ ፎርሙ ሳይመለስ፣ ማስረጃ ጎድሎ ነው። ከዚያ በፊት በ2018 አርካንሳስ የማጣሪያውን ታናሽ ወንድም ሞክራለች፦ የሥራ ማጣሪያን። በወር 80 ሰዓት መሥራትህን በየጊዜው አሳውቅ፣ አለበለዚያ መድኑ ይቀርብሃል የሚል ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሺህ ያህል ሰው ሽፋኑን አጣ። ብዙዎቹ የሚሠሩ ወይም ከግዴታው ነጻ የሆኑ ነበሩ፤ ያቃታቸው ማሳወቁ ነው። በ2019 ፍርድ ቤት አስቆመው። ሆኖም በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ እነዚያኑ 80 ሰዓታት እንደገና አምጥቷቸዋል፤ በ2027 መጀመሪያ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሥራ ላይ ይውላሉ።

ስለዚህ ለጤና ሲሆን እኔ ማጣሪያው ከሐኪም ቤቱ በር ተነስቶ ግብር ቢሮ ቢቀመጥ እላለሁ። ሀብታሙም በነጻ ይታከም፤ ግብሩን ግን እንደ አቅሙ ይክፈል። ልዩነቱ የሚጠየቅበት ጊዜ ላይ ነው። ግብር ሲከፍል ጤነኛ ነው። ሐኪም ቤት ሲመጣ ግን ታሟል።

"እንዲህማ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። የብሪታንያው የጤና አገልግሎት ራሱ ሁሉን ነገር በነጻ ማቆየት የቻለው ሦስት ዓመት እንኳን ላልሞላ ጊዜ ነው። በ1951 መንግሥት ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊያስከፍል ሲነሳ አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ዛሬም በእንግሊዝ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ይከፈላል፤ ዌልስ ከ2007፣ ስኮትላንድ ከ2011 ጀምሮ ትተውታል። ግን እንግሊዝ ውስጥ እንኳን በዕድሜ፣ በበሽታ ወይም በገቢ ነጻ የሚሆነው ሰው በዝቶ ከአሥር የታዘዘ መድኃኒት ዘጠኝ ያህሉ ያለ ክፍያ ይወጣል። ያ ሁሉ ማጣሪያ የቆመው ለአንዷ ነው።

ግብር ቢሮውም ቢሆን ፍጹም እንዳይመስላችሁ። በ2024 የብሪታንያ መንግሥት ጡረተኞች በብርድ ወራት የሚያገኙትን የማሞቂያ ድጎማ ለድሆቹ ብቻ አደረገው። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አጣው። ጩኸቱ ሲበረታ በቀጣዩ ዓመት አሠራሩ ተገለበጠ፦ ለሁሉም ይሰጥ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ35 ሺህ ፓውንድ የሚያልፈው ግን በግብር ይመልስ ተባለ። ከፊት ከማጣራት ከኋላ መሰብሰብ ማለት ነው፤ እኔ የምለው ዓይነት። ግን ይኼም የሚያየው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ነው። እያንዳንዳቸው 34 ሺህ ያላቸው ባልና ሚስት ድጎማቸውን ይዘው ይቀራሉ። ብቻዋን የምትኖረው ባለ 36 ሺህዋ ጎረቤታቸው ትመልሳለች።