የአፈር ፒኤች ምንድን ነው? ብሉቤሪዬን ቢጫ ያደረገው ነገር

ሱሉልታ ጓሮዬ ውስጥ የተከልኳት የብሉቤሪ ችግኝ ክረምቱን እንደምንም አለፈች። ጥቅምት ላይ ግን ገረጣች። የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቴ እማማ በአጥር አሻግረው አዩና «ልጄ፣ አፈሩ ደክሞ ነው። አመድ ነስንስባት» አሉኝ። ነሰነስኩ። ባሰባት።

ነገሩ ድካም ሳይሆን ፒኤች ነበር። ፒኤች አንድ ነገር ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው፤ ይሠራ የነበረው በካርልስበርግ ቢራ ላቦራቶሪ ነው። (ጓሮ አትክልተኛ ለቢራ ውለታ አለበት ማለት ነው።) 7 መሃል ነው። ከዚያ ሲወርድ አሲድ፣ ሲወጣ አልካሊ ይባላል።

ተንኮሉ ቁጥሩ ላይ ነው። አንድ ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ብሉቤሪ የምትወደው ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። በመለኪያ ወረቀት ሳየው የኔ ዋልካ 7 ገደማ ነበር። ሁለት ቁጥር ታች ለምትፈልግ ተክል ይህ መቶ እጥፍ ነው!

ቅጠል አረንጓዴ ለመሆን ብረት ያስፈልገዋል። ፒኤች ከፍ ሲል ግን አፈር ውስጥ ያለው ብረት ይታሰራል፣ አይሟሟም። ብሉቤሪ ደግሞ እንደ ሌላው ተክል ፀጉር መሳይ ሥር ስለሌላት ታግላ አታወጣውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። ቢጫው የመጣው ከዚያ ነው። አመዱ ደግሞ ፒኤቹን ይባስ ከፍ አደረገው። ወለጋና ጎጃም ያለ ገበሬ አሲዱን ለማጥፋት ኖራ ሲበትን፣ እኔ አሲድ ፍለጋ ወጣሁ።

ሎሚና ኮምጣጤ ውጤታቸው ቶሎ ይጠፋል። በቡና አተላም ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ግን አብዛኛው አሲድ ቡናው ሲፈላ ወጥቶ አልቋል። የሚሠራው ድኝ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ ወራት ይፈጃል። ሲበዛ ሥር ያቃጥላል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ።

ዋልካውን ግን መታገል ተውኩት፤ ውሃም ይይዛል። ታቹን የበሳሁት ግማሽ በርሜል ውስጥ ከእንጦጦ በኩል ያመጣሁትን ቀይ አፈር ሞላሁ፣ ትንሽ ድኝ ቀላቀልኩ፣ ከላይ ሰጋቱራ አለበስኩ። ሚያዝያ ላይ አዲስ ቅጠል አወጣች፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። እማማ የሰጡኝን የተረፈውን አመድ ለጎመኑ አደረግሁት።