የፋይናል ፋንታሲ የፍልሚያ ሥርዓት

ፋይናል ፋንታሲ በ1987 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ ፋሚኮም ለተባለው የቤት ጨዋታ መሣሪያ ያወጣው የሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቹ ጀግኖችን እየመራ ታሪክ የሚከተልበት ቪዲዮ ጨዋታ ነው። በ2023 ቁጥር የተሰጣቸው ክፍሎቹ ዐሥራ ስድስት ደርሰዋል። አብዛኞቹ ክፍሎች በታሪክም ሆነ በዓለም አይገናኙም፤ የሚያዛምዷቸው እንደ ክሪስታሎቹ፣ እንደ ቾኮቦ የተባለው የሚጋለብ ወፍ እና በየክፍሉ ማለት ይቻላል ብቅ የሚለው ሲድ የተባለ ገጸ ባሕርይ ያሉ ምልክቶች ናቸው። ዓለሙ በየጊዜው አዲስ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዞት የሚሻገረው ልማድ በአብዛኛው ፍልሚያው ነው። ፍልሚያው በተለወጠ ቁጥር ክርክር የሚነሣውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ ለአራቱ ጀግኖች ትእዛዝ ሰጥቶ ውጤቱን ይመለከታል። ሁለት ጀግኖች አንድ ጭራቅ እንዲመቱ ታዝዘው አንደኛው ቀድሞ ከገደለው፣ ሌላኛው ባዶ ቦታ መትቶ ተራውን ያባክናል። የሚያናድድ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማስላትን ያስተምራል። በ1988 የወጣው ሁለተኛው ክፍል የደረጃ ዕድገትን አስቀርቶ ችሎታ በአጠቃቀም እንዲያድግ አደረገ። ጉዳት መቀበል የሕይወት መጠንን ስለሚያሳድግ፣ ብልጦቹ ተጫዋቾች ጀግኖቻቸውን እርስ በርስ ያደባድቡ ጀመር።

ትልቁ ለውጥ በ1991 ከአራተኛው ክፍል ጋር መጣ። የጨዋታው ነዳፊ ሂሮዩኪ ኢቶ የፎርሙላ ዋን የውድድር መኪኖች በፍጥነታቸው ልክ ሲቀዳደሙ ካየው ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ተፋላሚ ተራው የሚደርሰው በራሱ ፍጥነት የሚሆንበትን ሥርዓት ነደፈ። ተጫዋቹ የአስማት ዝርዝር ሲያገላብጥ ጠላት ቆሞ አይጠብቅም። ተራን የሚያሳየው የሚሞላ መስመር በ1992 በአምስተኛው ክፍል ታየ፤ ሥርዓቱም እስከ ዘጠነኛው ክፍል ዘለቀ። ጥድፊያው ቢጨምርም ተጫዋቹ ያው አዛዥ ነበር።

ዐሥረኛው ክፍል (2001) ሰዓቱን አስወግዶ የተራ ቅደም ተከተሉን በማያ ገጹ ዳር ዘረዘረ። ዐሥራ ሁለተኛው (2006) ደግሞ ተጫዋቹ «የወዳጅ ጉልበት ከዚህ በታች ከወረደ ፈውስ» የሚሉ ደንቦችን አስቀድሞ እንዲጽፍና ጀግኖቹ በዚያው እንዲመሩ አደረገ። «ጨዋታው ራሱን ይጫወታል» የሚል ወቀሳ ተሰነዘረበት። ወቀሳው ትክክል አይመስለኝም። ጦር ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሥራውን የጨረሰ አዛዥ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ዐሥራ አምስተኛው ክፍል (2016) ወደ ቀጥተኛ ድብድብ ወጣ፤ ዐሥራ ስድስተኛው (2023) መንገዱን ጨረሰው። የፍልሚያው ኃላፊ ሪዮታ ሱዙኪ ቀደም ሲል ካፕኮም በተባለው የጨዋታ ኩባንያ ውስጥ ዴቪል ሜይ ክራይ 5 በተባለው ፈጣን የድብድብ ጨዋታ ላይ የሠራ ባለሙያ ነው፤ እጁም በግልጽ ይታያል። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ዋናውን ጀግና ክላይቭን ብቻ ነው፤ ያመልጣል፣ ይሰነዝራል፣ ይዘላል። ጓዶቹ በራሳቸው ይዋጋሉ፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ቶርጋል የተባለው ውሻ ብቻ ነው።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ተራ በተራ ወይስ በቅጽበት» በሚል ይቀርባል። እኔ ግን የጠፋው ነገር ተራው ሳይሆን ቡድኑ ነው እላለሁ። የሰባተኛው ክፍል ዳግም ሥሪት (2020) ለዚህ ማስረጃ ነው፦ በቅጽበት ይፋለማሉ፤ ነገር ግን በመምታት መስመሩ ይሞላል፣ የትእዛዝ ዝርዝሩ ሲከፈት ዓለሙ ሊቆም ምንም አይቀረው፣ ተጫዋቹም ከአንዱ ጀግና ወደ ሌላው ይዘላል። ፍጥነቱ ከዐሥራ ስድስተኛው ብዙ አይርቅም፤ አዛዥነቱ ግን አለ።

የተገላቢጦሹን የሄደ ተከታታይም አለ። ከ2005 ጀምሮ የጎዳና ድብድብ የነበረው ያኩዛ፣ በ2020 በወጣው ሰባተኛ ክፍሉ ወደ ተራ በተራ ተሻገረ። ምክንያቱን ያኖረው በአዲሱ ጀግና በኢቺባን ካሱጋ ጭንቅላት ውስጥ ነው፦ ሰውየው በልጅነቱ ድራገን ኩዌስት የተባለው ተራ በተራ የሚፋለሙበት የሚና ጨዋታ ወዳጅ ስለነበር ጠብ ሁሉ በዚያ ጨዋታ መልክ ይታየዋል። የቀድሞው ጀግና ኪሪዩ በ2023 ለብቻው በተመለሰበት ጨዋታ ግን እንደ ድሮው በቡጢ ይደባደባል።