«ሎው ባንድ» ዝቅተኛ የተባለው ከምን አንጻር ነው?

በአሜሪካ የፖሊስ ሬዲዮን በስካነር፣ ማለትም የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎችን እየፈተሸ በሚያሰማ መቀበያ፣ የሚከታተሉ ሰዎች «ሎው ባንድ» የሚሉት ከ30 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለውን የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው። «ዝቅተኛ» መባሉም የድምፁን ጥራት ወይም የማሰራጫውን ጉልበት የሚመለከት ሳይሆን፣ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በኋላ ከተዛወሩበት፣ ከ150 ሜጋኸርዝ በላይ ካለው ክልል ጋር ሲነጻጸር ፍሪኩዌንሲው ማነሱን ብቻ ያሳያል። ስሙ ጀማሪዎችን ማደናገሩ አያስገርምም፤ ይኸው ክልል ራሱ ቪኤችኤፍ፣ ማለትም «እጅግ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ» በሚባለው ውስጥ ይመደባልና።

የ42 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ስለሆነ ርዝመቱ የሞገዱን ሩብ የሚያህለው፣ ሩብ ሞገድ የሚባለው አንቴና 1.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከስካነሩ ጋር የሚመጣው አጭር አንቴና እዚህ ክልል ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ረጅም ሞገድ ኮረብታማ ገጠርን በተሻለ ሁኔታ ስለሚያዳርስ፣ የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ክልሉን ለረጅም ዓመታት ይዞት ቆይቷል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ በምትበረታበት ወቅት ሞገዱ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተመልሶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ መሰማት መቻሉ ነው።

ያልተመሰጠረ የፖሊስ ግንኙነትን ማዳመጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም፣ አንዳንድ ግዛቶች ስካነርን በመኪና ውስጥ መያዝን ይገድባሉ።