የጃፓን አር ኤንድ ቢ ሲንግል ምንድን ነው? በ«አውቶማቲክ» እንየው

በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሲንግል ማለት በአብዛኛው 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ሲዲ ናት። ጠበብ ብሎ ረዘም ባለ የወረቀት ማሸጊያ ትሸጣለች። ውስጧ አንድ ሁለት ዘፈን ይኖራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ወጥቶ ሙዚቃው ብቻ የቀረበት ቅጂ ይጨመራል። ለካራኦኬ፣ ማለትም በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ራስ ለመዝፈን ነው፤ የገዛው ሰው ቤቱ ሆኖ ይለማመድበታል።

አር ኤንድ ቢ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ለመረዳት አንድ ሲንግል በደንብ መስማት ይበቃል ባይ ነኝ፦ የኡታዳ ሂካሩ «አውቶማቲክ»። የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1998 ነው። ኡታዳ ያኔ ገና 15 ዓመቷ ነበር። የተወለደችው ኒው ዮርክ ነው፤ እናቷ ፉጂ ኬይኮ ኤንካ በሚባለው ሐዘን የተጫነው የጃፓን ዘፈን ስመ ጥር ነበሩ። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው ራሷ ናት።

አሁን መግቢያውን እንስማ። የጃፓንኛ ድምፆች እንደኛ ፊደል ናቸው፤ ና፣ ካ፣ ሜ እያሉ ከነአናባቢያቸው ይመጣሉ። ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኖታ አንድ ድምፅ እየሰጡ፣ ቃሉን ሳይሰብሩ መዝፈን ቀላሉ መንገድ ነው። ኡታዳ ግን በዚያ አልሄደችም። ስልኩ ለሰባተኛ ጊዜ ሲጠራ ለማለት «ናናካይሜ ኖ ቤሩ ዴ» የሚል ስንኝ አላት። ስትዘፍነው «ና» ብላ ታቆማለች። ቀጥላ «ናካይሜ ኖ ቤ» ትላለች፤ እንደገና ታቆማለች። «ሩ ዴ» የሚለው ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣው። ቃሉ መሃሉ ላይ ተቆርጧል! የሚመራው ምቱ ነው፤ ቋንቋው ይከተላል። ጃፓን ውስጥ ይህቺ ቁራጭ ስንት ተወርቶባታል።

ለእኔ አር ኤንድ ቢው ያለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ቃላት ጣል ጣል ማድረግማ በጄ-ፖፕ፣ ማለትም በጃፓን ፖፕ ሙዚቃ፣ የተለመደ ነው።

ኡታዳ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ዘፋኙ ኩቦታ ቶሺኖቡ ከ1986 ጀምሮ ይህን መንገድ ሲጠርግ ነበር። ዘፋኟ ሚሲያም በዚያው በ1998 መጀመሪያ ላይ በዚያ ከፍ ባለ ድምፅዋ ብቅ ብላለች። «አውቶማቲክ»ን ልዩ የሚያደርገው እርጋታው ነው። ከእሱ በፊት በነበሩት ዓመታት ገበያውን የያዘው የሙዚቃ አዘጋጁ ኮሙሮ ቴትሱያ ፈጣን የዳንስ ፖፕ ነበር። እዚህ ግን ቤዙ ከበድ ይላል፣ ምቱ አይቸኩልም፣ ድምፅዋም ጆሮ ሥር የሚያወራ ይመስላል። ክሊፑም እንደዚያው ነው፤ ሶፋ ያለበት ክፍል ውስጥ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ትወዛወዛለች። ስንቱ አስመስሏታል።

ሲንግሉ ሁለት ዋና ዘፈን ነበረው፤ ሌላው «ታይም ዊል ቴል» ነው። በ8 እና በ12 ሴንቲ ሜትር ሲዲ ወጥቶ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የሚገርመው፣ በኦሪኮን፣ ማለትም በጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ፣ ሁለቱ ሲዲዎች ለየብቻ ስለተቆጠሩ አንዳቸውም 1ኛ አልወጡም። ትልቁ 2ኛ፣ ትንሹ 4ኛ ላይ ቀሩ። በማርች 1999 የተከተለው «ፈርስት ላቭ» አልበም ግን ጃፓን ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ያዘ። እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።