«ብራውዘሩ ያግደዋል» ማለት ይብቃን

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዤ ከተቀመጥኩ፣ አጠገቤም ሲስተም የሚሠራ ወጣት ካለ፣ ይህችን ሳልሰማ አልነሣም፦ «ጋሼ፣ ዌብሶኬት ላይ ሌላ ዶሜይን ቢመጣ ብራውዘሩ ራሱ ያግደዋል። ኮርስ አለ አይደል?»

ዌብሶኬት ገጽና ሰርቨር ሳይቋረጡ የሚነጋገሩበት ክፍት መስመር ነው። ኮርሱም የዩኒቨርሲቲው አይደለም። አንድ ገጽ ከሌላ ዶሜይን የመጣ መልስ ማንበብ የሚችለው ያኛው ሰርቨር ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚል የብራውዘር ሕግ ነው። ሕጉ ዌብሶኬትን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስታንዳርድ፣ አርኤፍሲ 6455፣ ውሳኔውን ለሰርቨሩ ትቶታል። ብራውዘሩ ገጹ ከየት እንደተከፈተ «ኦሪጅን» በሚባል ሄደር፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር በሚላክ አጭር መረጃ፣ ይናገራል፣ በቃ። ሰርቨሩ ኦሪጅኑን ካላጣራ 101፣ ማለትም «እሺ»፣ ብሎ መስመሩን ይከፍታል።

ባለፈው ክረምት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ሄድኩ። የመኪና ተራ በቀጥታ የሚያሳይ ሲስተም ነበራቸው፤ ታርጋ፣ ጭነት፣ የሾፌር ስልክ። የሠራው ልጅ ኩኪውን፣ ማለትም ብራውዘሩ የገባው ሰው ማን እንደሆነ ለሰርቨሩ የሚያሳይበትን ምልክት፣ «እንዳያስቸግር» ብሎ ሴምሳይቱን ነን አድርጎታል፤ ከሌላ ዶሜይን ገጽ ለሚነሣ ጥያቄም ኩኪው አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ክርክሩ ሲረዝም፣ በራሴ ዶሜይን ላይ የእነሱን ዌብሶኬት የምትከፍት፣ አሥር መስመር የማትሞላ ገጽ ጻፍኩና «በል እስቲ ሌላ ታብ ላይ ይህችን ክፈት» አልኩት። ታርጋዎቹ እየተከታተሉ ወረዱ። ልጁ አድራሻውን አየ። እኔን አየኝ። ሪፍሬሽ አደረጋት። አሁንም ወረዱ።

መፍትሔው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። የተፈቀዱ ኦሪጅኖችን ዘርዝር፤ ሌላው 403፣ ማለትም «አልተፈቀደም»፣ ይባል። ስታወዳድር ሙሉውን ከነ ኤችቲቲፒኤሱ፣ ከነ ፖርቱ አወዳድር። «ስማችን ውስጡ ካለ ይግባ» ካልክ፣ ስምህን ከፊት ለጥፎ ዶሜይን የሚገዛ አይጠፋም። ሴምሳይቱንም ወደ ላክስ መልሰው፤ ያኔ ሌላ ዶሜይን ላይ ያለ ገጽ ዌብሶኬት ሲከፍት ኩኪው አብሮ አይሄድም።

«ኦሪጅን እኮ ይጭበረበራል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በገዛ ፕሮግራሙ የሚመጣ ሰው የፈለገውን ይጽፋል። ግን የደንበኛህ ኩኪ የለውም። ኩኪው ያለው የደንበኛህ ብራውዘር ውስጥ ነው፤ እዚያ የተከፈተ ክፉ ገጽ ደግሞ ኦሪጅኑን በጃቫስክሪፕት መቀየር አይችልም። ኦሪጅን የሚያቆመው ይህንን ገጽ ነው። በገዛ ፕሮግራሙ ለሚመጣው ሎግኢን አለልህ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ስንቴ ልበል?

«ደብሊውኤስኤስ ነው፣ ተጠብቋል»፦ ደብሊውኤስኤስ የተመሰጠረ ዌብሶኬት ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይነበብ ነው እንጂ ማን ይግባ ማን አይግባ አያውቅም።

«ክሮስዶሜይን ኤክስኤምኤል አስቀምጥበት»፦ ይህ ፋይል የፍላሽ ሕግ ነው፤ ፍላሽ ድሮ ብራውዘር ላይ ቪዲዮና ጨዋታ ያጫውት የነበረ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ዌብሶኬት ፋይሉን ዞር ብሎም አያየው። የፍላሽ ድጋፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተቋርጧል። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ግን አዲስ ሰርቨር በተከለ ቁጥር ለፍላሽ ፈቃድ ፋይል ብሎ ዛሬም ፖርት 843ን፣ የሰርቨሩን አንድ በር፣ ይከፍታል። ወንድሜ፣ ዝጋው።