«ወደ ልቡም ተመልሶ»

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚቸኩለው ሮጦ አንገቱን ወዳቀፈው አባት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንዲት አጭር ቃል አለች፤ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ትላለች (ሉቃ. 15፥17)። ልጁ የአባቱን ቤት ደጃፍ ከመርገጡ አስቀድሞ የገዛ ልቡን ደጃፍ ረግጧል። ገንዘቡ አልቆ፣ የሚሰጠው ጠፍቶ፣ ከእሪያዎቹ ጋር ሲቀር ነው ከራሱ ጋር የተገናኘው።

እኔ ጸሎት ሳላስታጉል ከልቤ ርቄ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ውዳሴ ማርያሙን ደግሜ አማትቤ ሳልጨርስ እጄ ስልኬን ይፈልጋል። ንስሐ ስገባም ያንኑ የዓምናውን እዘረዝራለሁ፤ የዘንድሮውን ተቀምጬ አላየሁትማ! አንድ ቀን የንስሐ አባቴ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ይሄንንስ ነግረኸኝ ነበር፤ ዛሬ የሚያምህ የቱ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ጽሞናን እንደ መነኮሳት ድርሻ ብቻ ማየት የተውኩት።

ደግሞስ ይስሐቅ መነኩሴ ነበር? ሲመሽ በልቡ ሊያሰላስል ወደ ሜዳ ወጣ (ዘፍ. 24፥63)። ጌታችንም ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ባመሸበት ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ (ማር. 1፥35)። እኛ በፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሱባኤ እንይዛለን፤ ነሐሴ 16 ስንፈታ ግን ልባችንን ዘግተን እንወጣና እስከ ከርሞ ዞር ብለን አናየውም።

ማታ ከመኝታ በፊት ሩብ ሰዓት ብንጀምርስ? ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ዛሬ ማንን አስከፋሁ፣ ምን ተመኘሁ፣ እግዚአብሔር የት ጠበቀኝ ብለን በፊቱ እንቀመጥ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ፣ በር የምትዘጊበት ክፍል የሌለሽ እኅቴ፣ ጌታ ግቡ ያለን እልፍኝ ልብሽም ውስጥ አለ፤ እቃ እያጠብሽም ትገቢበታለሽ።

ስንቀመጥ ግን ቁስላችንን ብቻ እየነካካን ተስፋ እንዳንቆርጥ። ልጁ ወደ ልቡ ሲመለስ መጀመሪያ ትዝ ያለው በአባቱ ቤት የሚተርፈው እንጀራ ነው፤ «በደልሁ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በልቡ ያሰናዳውን ቃል ይዞ ሄደ። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚለውን ግን አባቱ አላስጨረሰውም፤ ልብሱ ታዞለት ነበር።