ግንኙነት ተኮር የሥነ ልቦና ምክር ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ሰው ሲከፋው የሚሄድበት አያጣም። ቡና የሚያጣጡት ጎረቤት አለ፤ ሸሁም የንስሐ አባቱም ቅርብ ናቸው፤ ወዳጃ ላይ ተቀምጦ ዱዓ የሚያስደርግ አለ፣ ጠበል የሚጠመቅ አለ፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ አንድ ሰው “ቴራፒስት (የሥነ ልቦና አማካሪ) ጋ ልሄድ ነው” ሲል “ለማያውቁት ሰው ገመናን ዘርግፎ ምን ሊገኝ?” የሚለው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግንኙነት ተኮር የሚባለው የሥነ ልቦና ምክር የሚመልሰውም በዚያው በኩል ነው፦ ዋናው የሥራ መሣሪያ ያ የማያውቁት ሰው ከእርስዎ ጋር ቀስ በቀስ የሚመሠርተው ግንኙነት ራሱ ነው ይላል።

እያንዳንዳችን ከሰው ጋር የምንሆንበት የለመድነው መንገድ አለን። አንዱ ሰው እንዳይቀየመው ሁሉን እሺ ይላል፤ ሌላው ሲከፋው ያኮርፋል፤ ሌላዋ ሳትነካ ቀድማ ትቆጣለች፤ “ሆድ ይፍጀው” ብሎ ዓመታት የሚያሳልፍም አለ። እነዚህ ልማዶች ቤት አይቀሩም፤ ምክር ክፍሉ ድረስ ተከትለው ይመጣሉ። ሰውየው ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ ከቴራፒስቱም ጋር ያንኑ ማድረግ ይጀምራል። ሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ እንደ ወትሮው ታልፎ ይረሳል። እዚህ ግን ቆም ብለው ያዩታል፤ “አሁን በእኔና በአንተ መካከል ምን ሆነ?” ተባብለው ይነጋገሩበታል። ስለዚህ ቴራፒስቱ ራቅ ብሎ ማስታወሻ የሚይዝ መርማሪ አይደለም፤ በሚሆነው ነገር ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው፣ ድርሻውንም ያምናል።

ለዚህ አካሄድ መሠረት ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ (1902–1987) ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ከባለሙያው ምን እንደሚጠበቅ ሲናገር ብልሃትንም የምክር ብዛትንም አላስቀደመም። ባለሙያው የማያስመስል ይሁን፣ የመጣለትን ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቀበል፣ ነገሩን በዚያ ሰው ዓይን ለማየት ይጣር ነው ያለው። ከሦስቱ በብዛት የሚጣመመው መሀለኛው ነው። ሰውን መቀበል ሥራውን ሁሉ ማጽደቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሚስቱን የዋሸ ሰው ውሸቱ ልክ ነው አይባልም፤ ግን እንደ ወንጀለኛ ሳይታይ ለምን እንደዋሸ ማውራት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ በቴራፒስቱና በደንበኛው መካከል ያለውን ትስስር በሦስት ከፈለው፦ የት ለመድረስ እንደሚፈልጉ መስማማት፣ በምን መንገድ እንደሚሠሩ መስማማት፣ እና በመካከላቸው ያለው መተማመን። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የታየው፣ የምክሩ ስልት ስም ምንም ይሁን ምን፣ ይህ ትስስር በጠነከረበት ውጤቱም የተሻለ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ፍቅርና ፈገግታ የሚገቡት በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ደግ ፊት ያለው፣ ግን ለምን እንደምትገናኙ የማይነግራችሁ ቴራፒስት ጥሩ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

“የፈረንጅ ነገር ነው” የሚሉም አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ይህ አካሄድ አጥብቆ ከተደገፈባቸው ሐሳቦች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ሳይካትሪስት ጆን ቦልቢ ስለ ሕፃንና ስለ አሳዳጊው ቁርኝት ያነሳው፣ ቀደም ያለ የመስክ ማስረጃውን ያገኘው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታይ ነበር። ያየችውን የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች፦ ሕፃኑ ከእናቱ ጉልበት ወርዶ ይድሃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ካለች ይርቃል፣ ሲፈራ ይመለሳል። እናቱ ልትኖር ላትኖር ትችላለች ብሎ የተማረ ልጅ ግን ወይ አይለቃትም ወይ እንደማያስፈልገው ይሆናል። ግንኙነት ተኮር ቴራፒስት ጎልማሳውንም በዚህ ዓይን ያያል፤ ተመልሶ የሚመጣበት አስተማማኝ ሰው ያለው ሰው የሚያስፈራውን ነገር ለመንካት ይደፍራል ብሎ ያምናል።

ከአንድ ሰው ጋር ሲሠራ ምን ይመስላል? የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ እናስብ። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፤ ፈተና ሲቃረብ ደረቱ ይጨንቀዋል። ቴራፒስቷ ያለችውን ሁሉ “እሺ፣ ልክ ነሽ” ይላል። ከዚያ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ በቀጣዩም “ታክሲ አጥቼ” ብሎ ይቀራል። በመጣበት ቀን ስለ ፈተናው አትጠይቀውም።

“ባለፈው ለአባትህ ደውለህ ንገረው ስልህ ቶሎ እሺ አልከኝ። ሳስበው የቸኮልኩ ይመስለኛል። ከፍቶህ ነበር?”

“ኧረ ምንም። ደህና ነው።”

“ቢከፋህስ ለእኔ መንገር ይከብድህ ነበር?”

ልጁ የእጅ ሰዓቱን ያሽከረክራል። “እኛ ቤት አባቴ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለም” ይላል ቆይቶ። ከዚያም፣ ዓይኗን ሳያይ፣ “አዎ፣ ያልሽኝ ነገር ትንሽ… ያልገባሽ መስሎኝ ነበር።”

ምክሩ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ልጁ አባቱ ኃይለኛ መሆናቸውን ድሮም ያውቃል፤ ያ አዲስ አይደለም። አዲሱ፣ ከእሱ በላይ ያለችን ሰው “ተሳስተሻል” ብሎ ሲናገር አለመቆጣቷ፣ አለማኩረፏ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞም በሰዓቷ መገኘቷ ነው። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን የግንኙነት መሰንጠቅና መጠገን ከሥራው እምብርት ይቆጥሩታል። አባቱን ይድፈር ማለትም አይደለም። አባቱ ፊት ዝም ማለቱን መርጦ ያደርገው፣ ፈርቶ ብቻ አያድርገው ነው።

ባልና ሚስት ሲመጡ ነገሩ ይወሳሰባል። ቴራፒስቷ ከእሱ ጋር ግንኙነት አላት፣ ከእሷም ጋር አላት፣ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ አላቸው። ሊጠገን የመጣው ሦስተኛው ነው፤ ግን ከፊተኞቹ አንዱ ካዘነበለ እሱም አይቆምም። ካናዳ ውስጥ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዳበሩት ስሜት ተኮር የጥንዶች ምክር እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። ማን ጀመረው የሚለውን ትቶ፣ ሁለቱ የሚሽከረከሩበትን ዙር ነው የሚፈልገው።

ኮምቦልቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው እንበል። እሱ ከደረቅ ወደቡ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እሷ ትደውላለች፤ “የት ደረስክ?” ይመልሳል። ከሰዓት ትደውላለች። ማታ ትደውላለች። ስልኩን ያጠፋዋል። ሌላ ሴት አለች ብላ ታስባለች፤ ሲመጣ በግልምጫ ትቀበለዋለች፤ እሱ ያኮርፋል፤ ሲያኮርፍ ድምጿ ከፍ ይላል፤ ድምጿ ከፍ ሲል ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ያመሻል። ሁለቱም የሌላውን ጥፋት በቃላቸው ያውቁታል።

“ስልኩ ‘ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት አይችሉም’ ሲልዎት፣ በዚያች ደቂቃ ምን ይሆናሉ?” ትላለች ቴራፒስቷ ወደ ሚስት ዞራ።

“እናደዳለኋ! ሌላ ምን እሆናለሁ?”

“ከንዴቱ በፊትስ?”

ሚስት የነጠላዋን ጫፍ ትይዛለች። “ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል። የጦርነቱ ጊዜ። ኔትወርክ ጠፍቶ፣ እሱ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ይሙት ይኑር ሳላውቅ የከረምኩት። ስልኩ ሲዘጋ እጄ ይንቀጠቀጣል።”

ባል ቀና ይላል። “እኔ እኮ የምትቆጣጠረኝ ነበር የሚመስለኝ…”

“ለእኔ አይንገሩኝ፤ ወደ እሷ ዞር ይበሉና ይንገሯት” ትለዋለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በደሴና በኮምቦልቻ የነበረ ሰው ይህችን ሴት ማብራሪያ አይጠይቃትም። ባሏ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ አልሰማትም ነበር፤ ፍርሃቷ ሁልጊዜ ንዴት ለብሶ ስለሚወጣ። በሌላ ቀን ደግሞ የእሱ ተራ ይመጣል፦ ጭነት በጠፋበት ሰሞን ገንዘብ ስትጠይቀው “የለኝም” ከማለት ስልኩን ማጥፋት እንደሚቀለው ይናገራል። ዙሩ በአንድ ቀን አይፈታም። ነገር ግን “አብሽሪ፣ ባቲ ስደርስ እደውላለሁ” ለማለት በር ይከፈታል፤ ያችን ትንሽ ቃል መጠበቁን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ደግ ቴራፒስት ማለት ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ማለት እንዳልሆነ ልበል። አሜሪካዊው ጆን ጎትማን ሲያትል ውስጥ ጥንዶች ሲጨቃጨቁ በካሜራ እየቀረጸ ለዓመታት አጥንቶ ትዳርን የሚበሉ አራት ነገሮች ለየ፦ የሰውየውን ማንነት መንቀፍ፣ ንቀት፣ ጥፋትን በጭራሽ አለመቀበል፣ እና ተዘግቶ ዝም ማለት። ክፉው ንቀት ነው አለ። እኛ አገር ንቀት ብዙ ቃል አይፈልግም፤ ከንፈር መጠጣና ግልምጫ ይበቃዋል። ጥሩ ቴራፒስት ይህን ሲያይ መሀል ይገባል፣ ያስቆማል፣ እንደገና ያስጀምራል። ፊት ለፊቱ ሰው ሲዋረድ ፈገግ ብሎ የሚያይ ባለሙያ ለስላሳ ቢሆንም ሙቀት የለውም።

ከሽማግሌ በምን ይለያል? ሽማግሌ ያስታርቃል፤ የሚያስታርቀውም ሁለቱን ሰዎች ብቻ አይደለም፣ ሁለቱን ቤተሰቦችና የሰፈሩን ክብር ጭምር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግማ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺን እስከመወሰን ሥልጣን ነበራቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ የእነሱን ድርሻ ማስታረቅ ላይ አቆመው። ቴራፒስት ግን አይፈርድም፣ “ተይ ቻይው፣ ተው ማራት” አይልም፣ እንዲታረቁም ግዴታ አይጥልም። ሲመካከሩ ቆይተው በሰላም የሚለያዩ ጥንዶችም አሉ፤ ያ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም። ሽማግሌን እዚህ ልተች አይደለም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደም ሊያፋስስ የነበረ ነገር ሲያበርዱ አይተናል። ሥራው ሌላ ነው።

በእኛ ከተማ ትልቁ ፈተና ድንበሩ ነው። ደሴ ጦሳ ሥር ተጠጋግታ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፒያሳ ወርዶ የሚያውቁት ሰው ሳያገኙ መመለስ ዘበት ነው። ቴራፒስቷ የእህትዎ የትምህርት ቤት ጓደኛ ልትሆን ትችላለች፤ ሰርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሊደርሳችሁ ይችላል። የሙያው ልማድ፣ ቴራፒስት ደንበኛውን ከቢሮ ውጭ ሲያገኘው ቀድሞ ሰላም እንዳይል ነው፤ “ከየት ትተዋወቃላችሁ?” የሚል ጥያቄ እንዳያስከትል። ወሎ ውስጥ ደግሞ አይቶ ሰላም አለማለት ስድብ ነው፤ “ኮራብኝ” ያሰኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ያስፈልጋል፦ መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን እናድርግ? ለዒድ ወይም ለገና ማር ይዤ ብመጣስ? ለልጄ ሰርግ ብጠራዎትስ? ሁሉንም አልቀበልም ማለት ያስቀይማል፤ ሁሉንም መቀበል ግንኙነቱን ወደ ዝምድና ይለውጠዋል፤ ዘመድ ከሆነች ደግሞ ለዘመድ የማይነገረውን ለእሷም አይነግሯትም። ለጥንዶች ሌላም አለ፦ አንዱ ለብቻው ደውሎ “ይህን እንዳትነግሪብኝ” ያለውን ምስጢር ምን ታደርገዋለች? መልሱ ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል፤ ቀድሞ አለመነገሩ ግን ጥፋት ነው።

ይህ አካሄድ የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር አደገኛ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተናገረችው ቃል ማታ ቤት ያስመታታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር የሚቀድመው ደኅንነቷ ነው፤ ምክሩም ለየብቻ ይሆናል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰውም ሳምንታዊ ቀጠሮ እየጠበቀ መቀመጥ የለበትም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መድረስ አለበት።

ሊሞክሩት ካሰቡ፣ ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ለጥንዶች ሊረዝም ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የት እንደተማረች፣ ከጥንዶች ጋር ሠርታ እንደምታውቅ፣ ምስጢር እንዴት እንደምትጠብቅና ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሰው ልብዎ ካልተከፈተ ደግሞ ዝም ብለው አይቅሩ፤ “አልተመቸኝም” ብለው ለራሷ ይንገሯት። ወይ የሚስተካከለውን አብራችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ወይ ወደ ሌላ ባለሙያ ትመራዎታለች።